የአሥራ ሦስት ዓመት አንባቢ

ታላቅ ወንድሟ ሞተ፤ እሷ ግን አላዘነችም። ዕድሜዋ አሥራ ሦስት ነው። በእኛ ሰፈር ቢሆን ኖሮ ድንኳኑ ሳይነቀል ስሟ ይጠፋ ነበር። ለቅሶ ቤት ደረቅ ዓይን ይዛ የተቀመጠች እህት «ልበ ደንዳና» ተብላ ታልፋለች እንጂ ምን በድሏት ነበር ብሎ የሚጠይቅላት አይገኝም። ንፍሮው ይዞራል፣ ወሬውም ወደ ሌላ ይሄዳል።

ልጅቷ ታምቡ ትባላለች። ዚምባብዌያዊቷ ጺጺ ዳንጋረምብጋ እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመችው «ኔርቨስ ኮንዲሽንስ» በተባለው ልብ ወለድ ውስጥ ታሪኳን የምትተርከው ራሷ ናት። ያላዘነችበትን ምክንያት ለማስረዳት አትቸኩልም፤ ቀስ ብላ ወደ በቆሎ ማሳዋ ትወስደናለች። ጊዜው 1960ዎቹ ነው፣ ሀገሯ ገና ሮዴዥያ እየተባለች በነጮች የምትገዛበት ዘመን። የቤቱ ገንዘብ አንድ ልጅ ከማስተማር አያልፍም፤ የሚማረውም ወንዱ ነው። አባቷ ንባብ ለባል እራት እንደማይሆን ነግረዋታል። እሷ ደግሞ ዘር ብቻ ስጡኝ፣ ክፍያዬን ራሴ እችላለሁ ትላለች። ይሳቅባታል፤ ዘሩ ግን ይሰጣታል። ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ ቁራጭ መሬቷን ትቆፍራለች፣ ታርማለች፤ ከዚያ የቤቱ እርሻና የማጀቱ ሥራ ይጠብቃታል።

በቆሎው እሸት ሲሆን መጥፋት ጀመረ። ሌባው ወንድሟ ነው፤ እየቆረጠ ለጓደኞቹ ያድለዋል። መምህሯ ከሌባ የተረፈውን አስይዟት ከተማ ወርዶ እንድትሸጥ ያደርጋል። እዚያ አንዲት ነጭ አሮጊት ይህን ሕፃን ታሠራለህ ብላ መምህሩን በሰው ፊት ትዘልፈዋለች፤ ነገሩ ሲገባት አዝና አሥር ፓውንድ ትሰጣለች። ገንዘቡ ርእሰ መምህሩ ዘንድ በአደራ ይቀመጣል። አባትየው ይህን ሲሰሙ ትምህርት ቤት ድረስ ሄደው ገንዘቡ የእኔ ነው ብለው ይሟገታሉ። ልጅቷ የእሳቸው አይደለች?

ወንድምየው በጆሮ ደግፍ የሚሞተው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በሚስዮን ትምህርት ቤት የነበረው ቦታ ክፍት ይሆናል፤ ለትምህርት የደረሰ ሌላ ወንድ ልጅ ስለሌለም አጎትየው እሷን ይወስዷታል። አንባቢ እዚህ ሲደርስ በልጅቷ ላይ ለመፍረድ አፉ ይያዛል። የእኔም ተይዟል።

መጽሐፉን የምወደው ታምቡ ጨዋ ልጅ ስላልሆነች ነው። ትቀናለች፤ ትመኛለች፤ አጎቷ ቤት ከገባች በኋላ ያደገችበትን ጎጆ መጸየፍ ይዳዳታል። የአጎቷ ልጅ ኒያሻ ደግሞ እንግሊዝ ሀገር ኖራ የተመለሰች ናት፤ ከአባቷ ጋር ስለ አለባበስ፣ ስለ ማምሸት፣ ስለ መጽሐፍ ትጣላለች፤ ትመታለች። በመጨረሻ ምግብ አልቀበል ብሏት እየመነመነች ስትሄድ የሚያያት ነጭ ሐኪም አፍሪካውያን በዚህ ዓይነት ሕመም አይታመሙም ይላል። ደራሲዋ ይህን ሁሉ ስታሳየን አንድም ቦታ ላይ ቆማ «እናንተ ልጃገረዶች ልብ በሉ» አትልም። ሥራው በሀገሯ አሳታሚዎች ዘንድ ተቀባይ አጥቶ የታተመው ለንደን ነው። በዓመቱ ግን ለአፍሪካ ክፍል የተመደበውን የኮመንዌልዝ የደራስያን ሽልማት ወሰደ።

ትዝብቴ የሚጀምረው ከዚህ ነው። እኛ ዘንድ ለልጃገረድ የሚነገር ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ ማስጠንቀቂያ ነው። «የእገሊትን ልጅ አየሻት?» ይባላል፣ ቡናው እየተቆላ። አንዷ አርግዛ ከትምህርት ቀርታለች። ሌላዋ ዓረብ ሀገር ሄዳ ጤናዋን አጥታ ተመልሳለች። ሦስተኛዋ ጓደኛ አሳስቷት ከቤት ጠፍታለች። በሬዲዮና በመጽሔት «እውነተኛ ታሪክ» እየተባለ የሚቀርበውም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ መጨረሻው ላይ ለሌሎች ትምህርት ይሆናል ተብሎ ይዘጋል። ልጅቷ እዚያ ያለችው ልትታይ ነው። ምን እንደፈለገች፣ ምን እንዳሳቃት፣ በማን እንደተናደደች፣ ያንን ልጅ ስታየው ልቧ ለምን እንደመታ አይነገረንም። የተጎዳችበት ቀን ብቻ ተቆርጦ ይቀርብልናል።

ይህ የእኛ ብቻ አመል እንዳልሆነ ቡቺ ኤሜቼታ አሳይታለች። ኤሜቼታ ሌጎስ ተወልዳ በአሥራ ስድስት ዓመቷ የተዳረች፣ በሃያ ሁለት ዓመቷ በለንደን ከባሏ ተለይታ አምስት ልጆች ያሳደገች፣ ማለዳ ልጆቹ ሳይነሡ ትጽፍ የነበረች ናይጄሪያዊት ናት። «ዘ ብራይድ ፕራይስ» የተባለውን የልብ ወለዷን የመጀመሪያ ረቂቅ ባሏ አቃጥሎባታል። እንደገና ጻፈችው፤ በ1976 ታተመ። የመጽሐፉ ልጅ አኩና አባቷ ሌጎስ ላይ ሲሞቱ ከእናቷና ከወንድሟ ጋር ወደ ገጠር ወደ ኢቡዛ ትመለሳለች። እናትየውን የሟቹ ወንድም ይወርሳታል። አጎትየው አኩና ትምህርቷን እንድትቀጥል ይፈቅዳል፤ ደግነት ግን አይደለም፤ የተማረች ልጅ የምታስገኘው የጥሎሽ ገንዘብ ከፍ ስለሚል ነው። እሱ ደግሞ ማዕርግ ሊገዛበት አስቧል።

ከዚያ የወር አበባዋ ይመጣል። ኤሜቼታ ይህን ትዕይንት በጥንቃቄ ነው የያዘችው። ልጅቷ የምትፈራው ደሙን አይደለም፤ ወሬውን ነው። ደረሰች ከተባለ በማግሥቱ ጠያቂዎች በር ላይ ይሰለፋሉ። ስለዚህ ትደብቃለች። ምስጢሯን የሚያውቀው የምትወደው መምህሯ ቺኬ ነው፤ እሱም ዘሩ ከባርነት ይመዘዛል እየተባለ የሚናቅ ወጣት። ምስጢሩ ይወጣል፣ ጠያቂዎቹ ይመጣሉ፣ ልጅቷ ትጠለፋለች፣ አምልጣ ከቺኬ ጋር ትጠፋለች፣ አጎቷ ጥሎሹን አልቀበልም እንዳለ በወሊድ ትሞታለች። አንባቢው ዕድሜዋንና የተዳከመ ሰውነቷን ያያል። የኢቡዛ ሰው ግን ጥሎሽ ያልተከፈለባት ልጅ ትሞታለች የሚለውን እምነቱን አጽንቶ፣ የአኩናን ሞት ለተከታዮቹ ልጃገረዶች ማስፈራሪያ ያደርገዋል። ኤሜቼታ መጽሐፏን የዘጋችው እዚህ ላይ ነው፤ የአንዲት ልጅ ሕይወት በሰፈር አፍ ተላምጦ ምክር ሲሆን እያሳየችን። ስጨርሰው የሰፈሬ የቡና ሰዓት ነው ፊቴ ላይ የመጣው።

ለአማርኛ አንባቢ ይህ ታሪክ እንግዳ አይደለም። ሰብለ ወንጌልና በዛብህን ያስታውሰዋል። የትልቅ ሰው ልጅ፣ ከታች የመጣ መምህር፣ በትምህርት መሐል የበቀለ ፍቅር፣ ሽሽት፣ ሞት። ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. አሳተሙ፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ስንቱ ቤት ሥራ ፈትቶ እንዳለቀሰ ታላላቆቻችን ይነግሩናል። ሰብለ አባቷ ለክብራቸው የሚመጥን አማች እየፈለጉ ያቆዩአት ወጣት ናት። ከቤት የምትወጣበት ሌሊት መነኩሴ መስላ ነው የወጣችው። ከእሷ በፊት ደግሞ ጦቢያ አለች። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሮም ላይ በ1900 ዓ.ም. ባሳተሙት የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ውስጥ ጦቢያ ወንድሟን ፍለጋ የወጣችው ወንድ ልጅ መስላ ለብሳ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ይገርመኛል። በልብ ወለዶቻችን ከማይረሱት ሴቶች ሁለቱ ለመንገድ የተነሡት የሴት ልብሳቸውን አውልቀው ነው። ደራስያኑን አልወቅስም፤ በዘመኑ መንገዱ እንዲያ ነበር። በልጃገረድነቷ፣ በቀሚሷ፣ ደብተሯን ይዛ የምትሄደዋን ልጅ ግን የምፈልገውን ያህል አላገኘኋትም።

የእህቴ ልጅ አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላት መጽሐፍ ልገዛላት ወጣሁ። የሕፃናቱ መደርደሪያ ጥንቸልና ጅብ፣ ፊደልና ቁጥር ነው፤ አልፋዋለች። የአዋቂዎቹ መደርደሪያ ታሪክ፣ ፖለቲካ፣ የሥነ ልቦና ትርጉም፣ ከዚያም ሽፋኑ ላይ ከንፈር ለከንፈር የተቃረቡ ጥንዶች ያሉበት የፍቅር ልብ ወለድ ነው። ገና አልደረሰችበትም፤ ወይም እኔ እንደዚያ ይመስለኛል፤ ጓደኞቿ ጋ ምን እያነበበች እንደሆነ አላውቅም። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ መጽሐፍ እስከ አገጩ ደርድሮ የሚዞር አዟሪ ጠየቅኩ። ለሴት ልጅ ነው ስለው አስቦ አንድ የምክር መጽሐፍ መዘዘልኝ። ያው ማስጠንቀቂያ ነው።

ምንም አልተሠራም ማለቴ አይደለም። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ «ቂሉ ማሞ»ን በሁለት ቋንቋ አሳትመው፣ ለሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፍተው፣ ሐዋሳ ላይ በአህያ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት ሳይቀር ጀምረው ነበር። (በተረታችን ቂሉም ወንድ መሆኑን አንዳንድ ጊዜ እንደ ሴቶች መብት እቆጥረዋለሁ።) ብሩክታዊት ጥጋቡና ባልደረቦቿ «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን ለትንንሾቹ ካቀረቡ በኋላ «ጥበብ ገርልስ» የተባለውን የካርቱን ታሪክ ሠርተዋል፤ ልዩ ኃይል ያላቸው ልጃገረዶች ያለዕድሜ ጋብቻንና በወር አበባ ላይ የሚጫን ነውርን ይጋፈጡበታል። ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ «የኛ» በሬዲዮ ድራማና በዘፈን ብዙ ቤት ገብቶ ነበር። ካናዳዊው ኮድ የተባለ ድርጅት በጋና፣ በታንዛኒያ፣ በኬንያና በእኛም ሀገር ለወጣት አንባቢ የተጻፈ ልብ ወለድ የሚሸልምበት የበርት ሽልማት ነበረው፤ የእኛ ሰዎችም ጽፈውለታል። የሚሸለመው ግን በእንግሊዝኛ የተጻፈው ነበር።

እነዚህን ሥራዎች አከብራለሁ። ይሁን እንጂ አብዛኞቹ ከአንድ ዓላማ ጋር የተጋቡ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ፣ የእንግሊዝ ጋዜጦች በ«የኛ» ላይ ከዘመቱ በኋላ፣ የእንግሊዝ መንግሥት ድጋፉን አቋረጠ። አንድ ታሪክ ነፍሱ በለጋሽ በጀት ላይ ሲንጠለጠል የሚገጥመው ይህ ነው። ከገንዘቡ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ደግሞ የታሪኩ ቅርጽ ነው። ልጅቷ ችግር ይገጥማታል፤ ደግ መምህርት ወይም የጤና ባለሙያ ትመጣለች፤ አባት ይመከራል፤ ልጅቷ ዩኒፎርሟን ለብሳ ትመለሳለች። ይህ በእውነተኛው ዓለም የሆነባት ልጅ ብትኖር ደስ ይለኛል። የምታነበው ልጅ ግን ሞኝ አይደለችም። አባቷ እንዲህ በቀላሉ እንደማይመከር ታውቃለች። ምናልባት የደፈራት ራሱ የሚመክረው ሰው ነው።

ዳንጋረምብጋ ታምቡን ትምህርት ቤት አስገብታ አላጨበጨበችላትም። በ2006 ተከታዩን፣ በ2018 ሦስተኛውን መጽሐፍ ጻፈች። ታምቡ እየተማረች በዘር በተከፋፈለው ትምህርት ቤት ትዋረዳለች፤ በሦስተኛው ላይ መካከለኛ ዕድሜ ደርሳ፣ ሐራሬ ውስጥ ሥራና ማረፊያ አጥታ፣ ራሷን መልሳ ለማግኘት ስትንገታገት እናገኛታለን። በቆሎ ዘርታ የራሷን ክፍያ የቻለችው ልጅ! አንዲት ደራሲ አንዲትን ልጃገረድ ሠላሳ ዓመት ተከትላታለች። ሦስተኛው መጽሐፍ በ2020 ለቡከር ሽልማት ከቀረቡት የመጨረሻ ስድስት አንዱ ነበር፤ ከስድስቱ መካከል የእኛዋ መዓዛ መንግሥቴ «ዘ ሻዶው ኪንግ»ም ነበር። የመዓዛ ኂሩት ወላጅ አልባ የቤት አገልጋይ ናት፤ የጣሊያን ወረራ ሲመጣ ጠመንጃ ታነሣለች። መጽሐፉ ለአዋቂ የተጻፈ ነው፤ ለእህቴ ልጅ አሁን አልሰጣትም። ኂሩት ግን ከጦሩ በፊት በጌቶቿ ቤት ውስጥ ምን እንደደረሰባት መዓዛ የጻፈችበት ድፍረት እዚህ አዲስ አበባ ለሚጻፍ ነገር ሁሉ መለኪያ ሊሆን ይገባል እላለሁ።

የቤት አገልጋይ ካልኩ አይቀር ከዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሌላዋ ናይጄሪያዊት አቢ ዳሬ በ2020 ባሳተመችው የመጀመሪያ ልብ ወለዷ ውስጥ አዱኒ የምትባል የአሥራ አራት ዓመት ልጅ አለች። አባቷ የቤት ኪራይ ጨንቆት ለሽማግሌ ሰው ሦስተኛ ሚስት አድርጎ ይሰጣታል። ጣውንቷ በወሊድ ምክንያት ስትሞት አዱኒ ትፈራለች፣ ትጠፋለች። ደላላ ተቀብሎ ሌጎስ ውስጥ አንዲት ሀብታም ነጋዴ ቤት ያስገባታል፤ ደመወዟን የሚቀበለው እሱ ነው። ሴትየዋ ትደበድባታለች፤ ባልየው በሌሊት በሯን ይሞክራል። ልጅቷ የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ተምራ በራሷ አንደበት መናገር። መጽሐፉን በሙሉ የምትተርከው በተሰባበረ እንግሊዝኛዋ ነው፤ ገጹ እየገፋ ሲሄድ የምንሰማው ስሕተቱን ሳይሆን ብልሃቷን ነው።

የእኛዋን አዱኒ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ በየትኛውም የአዲስ አበባ ሰፈር የማታ ትምህርት ቤት ደጃፍ ቁሙ። ሻሽ ያሰሩ፣ እጃቸው በእንዶድና በሳሙና የሻከረ፣ ደብተራቸውን በፌስታል የያዙ ልጆች ይመጣሉ። ዕድሜያቸው ስንት እንደሆነ ቢጠየቁ አሠሪያቸው የነገራቸውን ነው የሚናገሩት። ገሚሶቹ ከጎንደርና ከጎጃም፣ ገሚሶቹ ከወላይታ፣ ከጋሞ፣ ከአርሲ የመጡ ናቸው። አንዳንዶቹ የመጡት ሠርጋቸው ሲደገስ ጠፍተው ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻ ዕድሜን 18 አድርጓል፤ የወንጀል ሕጉም ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ያለዕድሜ ጋብቻን ይቀጣል፤ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት ያመልጥበት የነበረውን የ1949ኙን ሕግ ቀዳዳም ዘግቶታል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ25 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶች መካከለኛ የመጀመሪያ ጋብቻ ዕድሜ 17.1 ነበር። ግማሾቹ ገና በልጅነት አልፈውበታል ማለት ነው። ሕጉ በደረሰበት ፍጥነት ድግሱ አልቆመም፤ ልጅቷ ደግሞ የምታውቀው መፍትሔ አውቶቡስ ተራ መሄድ ነው።

እና ይህች ልጅ በድራማዎቻችን ውስጥ ምንድን ናት? መሳቂያ። አማርኛዋ ይንሻፈፋል፤ ስልክ ስታነሣ «አሎ» ትላለች፤ ወጥ ታሳርራለች፤ በር ላይ ቆማ ታዳምጣለች። በልብ ወለዶቻችንም ቢሆን ሻይ አምጥታ የምትወጣ ናት። ልብ ወለዱ እሷን ተከትሎ ወደ ማጀት አይገባም፤ ሌሊት በምትተኛበት የዕቃ ክፍል ምን እያሰበች እንደሆነ አይጠይቅም። ለምን እንደሆነ ሳስብ መልሱ ያሳፍራል። መጽሐፍ የምንገዛው፣ የምንጽፈው፣ መጽሐፍ ምረቃ ላይ የፊት ወንበር የምንቀመጠው ሰዎች በአብዛኛው «እትዬ» እና «ጋሼ» የምንባል ነን። የአዱኒ ታሪክ በእሷ አንደበት በአማርኛ ቢጻፍ ክፉዎቹ እኛ ነን። ማታ ትምህርት እንድትሄድ ፈቀድኩላት ብለን ለእንግዳ የምንናገረው፣ ዓርባ ገጽ ደብተር ገዝተንላት ዓመቱን ሙሉ የምናስታውሳት፣ እንግዳ ሲመጣ ፈተናዋን የምናስቀራት።

አንድ ወዳጄ ይህን ሐሳብ ሲሰማ፣ «ልጆች ጨለማ ነገር ለምን ያንብቡ? ይህ ሁሉ መከራ ሕፃን አእምሮ ላይ?» አለኝ። ጥያቄው ቀላል አይደለም። ናይጄሪያዊቷ ቺማማንዳ ንጎዚ አዲቼ በ2003 በጻፈችው «ፐርፕል ሂቢስከስ» ውስጥ የአሥራ አምስት ዓመቷ ካምቢሊ አባቷ በሃይማኖት ስም የሚያደርስባትን ድብደባ ማንበብ ለእኔም ከብዶኛል። ነገር ግን ካምቢሊ ያለችበት መጽሐፍ ውስጥ የአክስቷ ቤት ሳቅም አለ፤ ጠባብ ሳሎን፣ ወሬ፣ ሙዚቃ፣ እየተጨቃጨቁ ምግብ መሥራት። ልጅቷ ድምፅ አውጥታ መሳቅ የምትማረው እዚያ ነው። የእኛ ማስጠንቀቂያ የሚያስቀረው ይህን ነው። መከራውን ይይዝና ሳቁን ይጥላል። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ መከራውን ከእኛ ቀድማ ታውቀዋለች፤ አንዳንዷ ሞዴስ መግዣ አጥታ በወር ጥቂት ቀን ከትምህርት ትቀራለች፣ ለመምህሯም ሆዴን አመመኝ ትላለች። ለዚህ ችግር መቀሌ ላይ ፋብሪካ የከፈተችው ፍሬወይኒ መብራህቱ በ2019 የሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ስትባል ብዙዎቻችን በኩራት አጨበጨብን። በአማርኛ ልብ ወለድ ውስጥ ግን ቀሚሷ ላይ ደም አይታ ወንበሯ ላይ ተጣብቃ የቀረች ተማሪ አግኝቼ አላውቅም። ክፍሉ ባዶ እስኪሆን ምን አሰበች? ሹራቧን ያዋሰቻት ማን ናት?

የመጨረሻው ነገር ወንዶቹ ናቸው። ኬንያዊቷ የሕፃናት ሐኪም ማርጋሬት ኦጎላ በ1994 «ዘ ሪቨር ኤንድ ዘ ሶርስ» የተባለ ልብ ወለድ አሳትማ ነበር። የአንድ ቤተሰብ የአራት ትውልድ ሴቶችን ታሪክ ይከተላል፤ የሚጀምረው በሉዎ አለቃ ልጅ በአኮኮ መወለድ ነው። አኮኮ ባሏና ልጇ ሞተው የባሏ ወንድም የልጅ ልጇን የአለቅነት ወንበር ሲቀማ ጊዜ፣ አቤት ልትል በእግሯ ኪሱሙ ድረስ ወደ ነጮቹ መንግሥት ትሄዳለች። ወንድ መስላ አልለበሰችም፣ መነኩሴም አልመሰለችም፤ አሮጊት ሆና፣ አኮኮ ሆና ሄደች፤ ተፈረደላትም። ይህ መጽሐፍ ለዓመታት የኬንያ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና መጽሐፍ ሆኖ አገልግሏል። ስለዚህ የናይሮቢውም የቱርካናውም ወንድ ልጅ ስለ አኮኮ ድርሰት ካልጻፈ ነጥብ አላገኘም። ወደደም ጠላም ከአንዲት ሴት ጋር ኪሱሙ ድረስ በእግሩ ተጉዟል።

እኛ ትምህርት ቤቶች ውስጥ የሴቶች ክበብ አለ። ጥሩ ነገር ነው። ስለ ጠለፋ፣ ስለ ግርዛት፣ ስለ ወር አበባ ትምህርት ሲሰጥ ግን ወንዶቹ ይሰናበታሉ፤ ኳስ ይዘው ይወጣሉ። ጠላፊ የሚሆነው፣ ሽማግሌ የሚልከው፣ በቆሎ የሚሰርቀው፣ ነገ የልጅቷ አባት ሆኖ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ድረስ የሚመጣው እሱ ነው። የትምህርት ሚኒስቴር የአማርኛ፣ የአፋን ኦሮሞ፣ የትግርኛ መማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆች ለዘጠነኛ ክፍል አንድ ሙሉ ልብ ወለድ፣ ልጃገረድ የምትተርከው፣ በትርጉምም ይሁን በወጥ፣ ቢያስገቡና ከፈተናው ውስጥ አሥር ነጥብ ቢሰጡት ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የሕፃናትና የወጣቶች ደራስያን አሉን፤ ሥራቸውን አንብቤያለሁ። የጎደለው «ለአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነው፣ ምክር አይደለም» ብሎ የሚያዝዛቸው አሳታሚ ነው። የእህቴ ልጅ አሁን አሥራ አራት ሞልቷታል፤ የጓደኛዋን ስልክ ተውሳ በእንግሊዝኛ የአሜሪካ ልጆችን ታሪክ እያነበበች ነው፤ አንዷ ልጅ ከቤት ስትወጣ መኪና እንዳላት ነግራኛለች።